ከምንጭ እስከ ምንጭ፦ በኡድናዳታ መንገድ የአንድ ቀን የብስክሌት ጉዞ ትዝታ

«አውትባክ» የሚለው የአውስትራሊያ ቃል ወሰኑ በካርታ ላይ የተሰመረለት የአንድ አውራጃ ስም አይደለም፤ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ጀርባ ተነሥቶ እስከ አህጉሩ እምብርት የሚዘረጋውን፣ ዝናቡ ጥቂት፣ ነዋሪው የሳሳ፣ ከአንዱ መንደር እስከ ሌላው ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ በመቶ ኪሎ ሜትር የሚቆጠርበትን ሰፊ ምድር በጅምላ የሚጠራ ቃል ነው። በብስክሌት ረጅም ርቀት የሚጓዙ ሰዎች በዚህ ምድር ውስጥ ካሉት መንገዶች ደጋግመው ከሚያነሷቸው አንዱ የኡድናዳታ መንገድ ሲሆን፣ እርሱም በደቡብ አውስትራሊያ ግዛት ማሪ ከምትባለው ትንሽ መንደር ተነሥቶ ኡድናዳታን አቋርጦ ማርላ ላይ ከዋናው አውራ ጎዳና እስኪገናኝ ድረስ 620 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ሳይለብስ የሚሄድ የአፈርና የጠጠር መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የአንድ ቀን ጉዞ ርዝመት የሚወሰነው በተጓዡ ጉልበትና ፈቃድ ሳይሆን ውሃ ያለባቸው ቦታዎች እርስ በርሳቸው በተራራቁት መጠን ነው፤ ለዚህ ሕግ የእግር መንገደኛውም፣ ግመሉም፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛውም፣ የእንፋሎት ባቡሩም በየተራቸው ታዘውለት ያለፉ ሲሆን፣ ከዛሬ መንገደኞች መካከል በዚሁ ሕግ ሥር የቀረው ብስክሌተኛው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የብስክሌተኛው አንድ ቀን የአንድ ሰው ትዝታ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በፊት በዚያ የሄዱት ሁሉ ትዝታ የተደራረበበት ቀን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውሃው ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ መንገዱ ለምን በዚያ በኩል እንደሚሄድ አይገባም። ማሪና አካባቢዋ በዓመት የሚያገኙት ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ይሁን እንጂ ከምድሩ በታች ታላቁ የአርቴዥያን ተፋሰስ የሚባል፣ ስፋቱ 1.7 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ማለትም የኢትዮጵያን ስፋት አንድ ጊዜ ተኩል የሚያህል የከርሰ ምድር ውሃ አለ። አርቴዥያን የሚባለው ውሃ ውሃ በማያሳልፉ የዐለት ንብርብሮች መካከል ታምቆ ስለሚኖር፣ መውጫ ባገኘ ጊዜ ያለ ሞተርና ያለ ቀጂ በራሱ ግፊት ወደ ላይ የሚፈልቅ ነው። ከምሥራቅ ተራሮች ላይ እንደ ዝናብ ወርዶ ወደ መሬት የሰረገው ይህ ውሃ በአሸዋማው ዐለት ውስጥ በዓመት ጥቂት ሜትር ብቻ እያዘገመ ይጓዛል፤ ወደ ምዕራቡ ጠርዝ ሲደርስም ዕድሜው ከ1 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ አለው፤ በዚያ ጠርዝ ላይ የምድሩ ሽፋን በተሰነጠቀበት ቦታ ሁሉ ብቅ ይላል። በውስጡ የያዘው ማዕድንና ነፋስ ያመጣው አሸዋ በመውጫው ዙሪያ እየተከማቹ ጉብታ ስለሚሠሩ ምንጮቹ የጉብታ ምንጮች ተብለው ይጠራሉ። በካርታ ላይ ምንጮቹን በመስመር ላገናኛቸው ሰው የሚወጣው ቅርጽ የኡድናዳታ መንገድ ራሱ ነው።

ይህን መስመር መጀመሪያ ያወቁት የምድሩ ነባር ባለቤቶች፣ ከእነርሱም መካከል የአራባና ሕዝብ ናቸው፤ ለንግድና ለሥርዓተ አምልኮ ከምንጭ ወደ ምንጭ በእግር ይጓዙበት የነበረ ጎዳና ነው። ስኮትላንዳዊው አሳሽ ጆን ማክዱዋል ስቱዋርት በ1859 የምንጮቹን ሰንሰለት ተከትሎ ወደ ሰሜን ገፋ፤ በ1862 አህጉሩን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጦ የሰሜኑን ባሕር ለማየት የበቃውም ይህን ሰንሰለት እንደ መሰላል ስለተጠቀመበት ነው። ከዚያ በኋላ በቻርልስ ቶድ መሪነት ከፖርት ኦገስታ እስከ ዳርዊን 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋውና በ1872 የተጠናቀቀው የቴሌግራፍ ሽቦ በዚሁ መስመር ሄደ፤ ቀጥሎም የባቡር ሐዲዱ በ1884 ማሪ፣ በ1891 ኡድናዳታ ደረሰ። በታሪክ መጻሕፍት እነዚህ ሥራዎች የአሳሾችና የመሐንዲሶች ድል ተብለው ሲወደሱ፣ መንገዱን አስቀድሞ ያወቀው ሕዝብ ምንጮቹ በከብት እየተረገጡና በአጥር እየተከለሉ እንደ ተነጠቁበት የሚያነሣው ገጽ ብዙ ጊዜ አጭር መሆኑ ሊታረም የሚገባው ትልቅ ጉድለት ነው። የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት የአራባናን ሕዝብ የነባር ባለመሬትነት መብት ያረጋገጠው በ2012 ነው።

ብስክሌት ወደዚህ ምድር የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነበር። ሁለቱ ጎማዎቹ እኩል የሆኑለትና በሰንሰለት የሚነዳው ብስክሌት በእንግሊዝ አገር በጆን ኬምፕ ስታርሊ እጅ በ1885 ከታወቀና ደንሎፕ በ1888 አየር የሚሞላውን ጎማ ካስተዋወቀ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በምዕራብ አውስትራሊያ የወርቅ ሜዳዎች ብስክሌተኞች መልእክት ያመላልሱ፣ በጎች የሚሸልቱ ሠራተኞችም ከአንዱ የከብት ይዞታ ወደ ሌላው በብስክሌት ይጓዙ ጀመር። ፈረስ ውሃና ገፈራ ይሻል፤ ብስክሌት ግን ከነጂው ሌላ የሚጠማ የለውም። ጀሮም ሙሪፍ የተባለ ሰው ማርች 10 ቀን 1897 በደቡቡ ባሕር ዳርቻ ከምትገኘው ግሌኔልግ ተነሥቶ፣ ሐዲዱንና የቴሌግራፉን ሽቦ ተከትሎ፣ ሜይ 21 ቀን ዳርዊን በመድረስ አህጉሩን በብስክሌት ያቋረጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ የጉዞውንም ትዝታ «ከውቅያኖስ እስከ ውቅያኖስ» የሚል ትርጉም ባለው ርእስ በዚያው ዓመት በመጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ዘመን በረሃውን ለሚያቋርጥ ብስክሌተኛ ከሁሉ የተሻለው መሄጃ ሰው የሠራው መንገድ ሳይሆን የግመል ዱካ ነበር፤ የግመል እግር ሰፊና ለስላሳ በመሆኑ፣ ከአፍጋኒስታንና የዛሬዋ ፓኪስታን ከምትገኝበት አገር የመጡት ግመል ነጂዎች የሚነዱት ሲራራ ደጋግሞ የረገጠው አፈር ጠጠሩ ወደ ጎን ተገፍቶ፣ ጠብቆና ተስተካክሎ፣ ለጎማ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ቀጭን ጎዳና ይሆናል። ማሪ የእነዚህ ግመል ነጂዎች መናኸሪያ ነበረች፤ በዚያ መስመር ይሄድ የነበረው ባቡር ዛሬም ድረስ «ጋን» ተብሎ መጠራቱ ከ«አፍጋን» የመጣ ነው።

እንግዲህ ከማሪ እስከ ካዋርድ ስፕሪንግስ ያለው 130 ኪሎ ሜትር የዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ቀን ነው። ብዙዎች ለሁለት ቀን ይከፍሉታል፤ ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ነፋሱ ያልተቃወመው ብርቱ ብስክሌተኛ ግን ጀንበር ሳትጠልቅ ሊፈጽመው ይችላል። ጉዞው የሚደረገው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ክረምቱ በሚበረታበት ወራት ነው፤ በዚያ ምድር እነዚህ ወራት ሌሊቱ የሚቀዘቅዝባቸው፣ ቀኑ ግን ለሰውነት የሚስማማባቸው ናቸው። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ስለሚወጣ መንገዱ የብስክሌት መንገድ መሆኑ ይቀራል፤ በ1960 ጃንዋሪ 2 ቀን ኡድናዳታ ላይ የተመዘገበው 50.7 ዲግሪ በአውስትራሊያ ከተለኩት ከፍተኛ ሙቀቶች አንዱ ነው።

የዋዜማው ምሽት ሥራ ውሃ መስፈር ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ቀኑን ሙሉ ፔዳል የሚረግጥ ሰው ለመጠጥ ብቻ ስድስትና ሰባት ሊትር፣ ለማብሰያና ለመጠባበቂያ ደግሞ ሌላ ጥቂት ሊትሮች ስለሚያስፈልጉት፣ ከድንኳኑ፣ ከብርድ ልብሱ፣ ከምግቡ፣ ከመለዋወጫው ጎማና ከመለጠፊያው ማስቲሽ ሌላ ከአሥር ኪሎ በላይ ውሃ በኮዳና በጀሪካን በብስክሌቱ ግራና ቀኝ ይሸከማል። ብዙ ቢይዝ ክብደቱ ያዘገየዋል፤ መዘግየቱ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ያስጠጣዋል። ጥቂት ቢይዝ ሰንሰለት የተበጠሰ ወይም ጎማ የተቀደደ ዕለት ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። የሩቅ አገር ብስክሌተኛ ብልኀት ከጉልበቱ ይልቅ በዚህ ሚዛን ይፈተናል፤ ይህን ሚዛን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስለሌለም ሁሉም የሚማረው በገዛ ጥማቱ ነው።

በጁላይ ወር ፀሐይ በማሪ የምትወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት አለፍ ብሎ ነው፤ የቀኑ ብርሃንም ከ10 ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ብስክሌተኛው ድንኳኑን የሚያጥፈው ገና በጨለማ፣ አንዳንድ ጊዜም በድንኳኑ ሸራ ላይ ውርጭ በተኛበት ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት የቀኑ ወርቅ ናቸው፤ ነፋስ ገና አልተነሣም፣ ዝንቡ ገና አልነቃም፣ ጥላ ረጅም ነው፣ ድንጋያማው ሜዳ ከአድማስ እስከ አድማስ ቡናማና ቀይ ሆኖ ይዘረጋል። ከማሪ በስተምዕራብ ጥቂት ሰዓት እንደተሄደ መንገዱ የውሻ አጥር የሚባለውን፣ ዲንጎ የተባለው የዱር ውሻ ወደ በግ እርባታው ምድር እንዳይገባ የተሠራውንና ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የሽቦ አጥር ያቋርጣል። መኪና ላይ ያለ ሰው የጎማውን መንገጫገጭ ሰምቶ ያልፈዋል፤ ብስክሌተኛው ግን አጥሩን ከሩቅ እያየው ቀስ ብሎ ይደርስበታል፣ ካለፈውም በኋላ ለረጅም ጊዜ ከኋላው ይታየዋል። በዚያ ሜዳ ላይ አንድን ነገር ማየት ራሱ የጉዞ ክፍል ነው።

የመንገዱ ወለል ግን አይኑን ከፊቱ መሬት እንዲያነሣ ብዙ አይፈቅድለትም። የመኪና ጎማ ደጋግሞ የመታው የጠጠር መንገድ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ስለሚሸነሸን፣ እያንዳንዱ ሽንሽን በመሪው በኩል ወደ እጅ፣ በኮርቻው በኩል ወደ ወገብ ይወጣል፤ መኪና ፍጥነቱን ጨምሮ በሽንሽኖቹ አናት ላይ ሊንሳፈፍ ሲችል ብስክሌት ግን ወደ እያንዳንዱ ጎድጓዳ ወርዶ ከእያንዳንዱ ይወጣል። በሌላ ስፍራ ደግሞ እንደ ዱቄት የላመ ትቢያ ጉድጓዱን ሞልቶ ደልዳላ መሬት መስሎ ይጠብቃል፤ የፊተኛው ጎማ በውስጡ ሲሰምጥ ነጂው ወርዶ ከመግፋት ሌላ ምርጫ የለውም። ብዙ ተሳቢ የሚጎትትና «የመንገድ ባቡር» የሚባለው የከብት መጫኛ ካሚዮን ሲመጣ ቀድሞ የሚታየው አቧራው ስለሆነ፣ አቧራው እስኪያልፍ ከመንገዱ ዳር ወርዶ ጀርባን ሰጥቶ መቆም ይመረጣል። ዝናብ ከጣለም መንገዱ ይዘጋል፤ ጭቃው በጎማውና በፍሬኑ መካከል ተጠቅጥቆ ጎማው ጨርሶ እንዳይዞር ያደርገዋል። በደረቅ ምድር ላይ ጉዞን በፍጹም የሚያስቆመው ደረቁ ሳይሆን ውሃው መሆኑ የዚህ መንገድ ነባር ጠባይ ነው።

ቀትር አልፎ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጠናቀቅ በስተሰሜን ነጭ መስመር ይታያል፤ እርሱም ዛሬ በሕግ ካቲ ታንዳ ከሚለው ነባር ስሙ ጋር ተጣምሮ የሚጠራው የኤር ሐይቅ ደቡባዊ ክፍል ነው። ሐይቅ ቢባልም አብዛኛውን ዘመኑን ጨው ብቻ ነው፤ ከሩቅ የሰሜን ወንዞች ጎርፍ ሲደርሰው ግን ሞልቶ በአእዋፍ ይሸፈናል። ወለሉ ከባሕር ጠለል በታች 15 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ወደዚያ የሚወርድ ውሃ መውጫ የለውም፤ ፀሐይ ትመጠውና ጨዉ ይቀራል። በዚሁ ሐይቅ የጨው ወለል ላይ እንግሊዛዊው ዶናልድ ካምቤል ጁላይ 17 ቀን 1964 «ብሉበርድ» በተባለው መኪናው በሰዓት 648 ኪሎ ሜትር ሮጦ የምድር ፍጥነት ክብረ ወሰን ሠርቷል፤ በ1963 ግን ተመሳሳይ ሙከራ ለማድረግ መጥቶ፣ ለዓመታት ያልዘነበው ዝናብ ዘንቦ ጨዉን ስላጥለቀለቀው ሳይሳካለት ተመልሶ ነበር። በዓለም ፈጣን የተባለው መኪና እንኳ በዚህ ቦታ የውሃን ፈቃድ መጠበቅ ነበረበት። በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ብስክሌተኛ በሐይቁ ዳር ቆሞ ሲያርፍ የሚሰማው ዝምታ ከቃል በላይ ነው፤ የገዛ ልቡ ምት፣ በብስክሌቱ ሽቦዎች መካከል የሚያልፈው ነፋስ፣ በፊቱ ላይ የሚርመሰመሰው ዝንብ፣ ከእነዚህ ሌላ ምንም የለም።

ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ ኩርዲሙርካ የሚባል የተተወ የባቡር ጣቢያ አለ፤ ከእርሱም አጠገብ ረጅም የብረት ማማ ቆሟል። ማማው የውሃ ማለስለሻ ነበር፤ በማዕድን የበዛው የከርሰ ምድር ውሃ የእንፋሎት ባቡሩን ማፍያ ጋን በማዕድን ዝቃጭ እየሸፈነ ስለሚያበላሸው፣ ማዕድኑ በኬሚካል ተለይቶ እንዲወርድ የሚደረገው በእርሱ ነው። የእንፋሎት ባቡር ከከሰሉ የሚበልጥ ውሃ ይጠጣል፤ ጣቢያዎቹ በዚያ ቅርበት የተደረደሩትም መንገደኛ በዝቶ ሳይሆን የባቡሩ ጥማት ስላስገደደ ነው። በ1950ዎቹ ናፍጣ የሚነዳው ባቡር ሲመጣ ጥማቱ ቀረ፤ ከጥማቱ ጋር የጣቢያዎቹ ምክንያትም ቀረ፤ የሐዲድ ጠጋኞቹ ቤተሰቦች ጓዛቸውን ጭነው ሄዱ። በ1980 ሐዲዱ ራሱ ጎርፍ ከማይደርስበት ከምዕራብ በኩል እንደ አዲስ ሲሠራ አሮጌው መስመር ተተወ። ብስክሌተኛው ከጣቢያው ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጦ ዳቦውን ሲቆርስ፣ ከኮዳው ምን ያህል እንደ ቀረው ሲለካ፣ በዚያ ቤት የኖረች አንዲት እናት በየማለዳው ታደርገው የነበረውን ያንኑ ስሌት ነው የሚያደርገው።

ወደ ካዋርድ ስፕሪንግስ ከመድረሱ በፊት ከመንገዱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብለው ሁለት የጉብታ ምንጮች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ስሙ «የሚያፈላው» እንደ ማለት ነው፤ ከጥርት ያለው ኩሬ ሥር ጥሩ አሸዋ እየተገለባበጠ ሲወጣ በእውነት የሚፈላ ይመስላል። የአራባና ሰዎች እንደሚተርኩት፣ አንድ አባት ታላቁን እባብ ተከታትሎ በዚህ ቦታ ገደለው፤ የሚገለባበጠው አሸዋ የእባቡ የመጨረሻ መንፈራገጥ ነው፤ አጠገቡ ያለው ክብ ኩሬ ሥጋው የበሰለበት ምድጃ፣ በቅርብ የሚታየውና ውሃው የነጠፈው ኮረብታ ደግሞ የተወረወረው ራሱ ነው፤ ዋብማ ካዳርቡ የሚለው የኮረብታው ስም «የእባብ ራስ» ማለት ነውና። የምድር ሳይንስ ስለ ግፊትና ስለ ስንጥቅ የሚናገረውና ይህ ትረካ እርስ በርስ አይጣሉም፤ አንዱ ውሃው እንዴት እንደሚወጣ ያስረዳል፣ ሌላው ቦታው ሊከበር የሚገባው እንደ ሆነ ልጅ በማይረሳው መንገድ ያስተምራል፤ ካርታ ባልነበረበት ዘመን ሦስት የውሃ ምልክቶችን በአንድ ታሪክ አስሮ ለትውልድ ማስተላለፍ ከየትኛውም መጽሐፍ የማይተናነስ ዕውቀት ነው።

አመሻሹ ላይ በካዋርድ ስፕሪንግስ የተምር ዛፎች ይታያሉ። በባቡሩ ዘመን ከተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ የወጣው ውሃ በረሃው መካከል ረግረግ ፈጥሮ ቄጠማ አብቅሏል፤ ወፎችም ሰፍረውበታል። ለብ ባለው ውሃ የትቢያውን ቀይ ከእግር ማጠብ፣ በእሳት ዳር እጅን ዘርግቶ ጣቶች የመሪውን መንቀጥቀጥ እስኪረሱ መጠበቅ፣ ከዚያም በጠራ ሰማይ ሥር ከዋክብቱ መሬት ድረስ ወርደው ሲታዩ መመልከት፤ ይህን መንገድ የሄደ ሰው ከዓመታት በኋላ ስለ ቀኑ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚቀድምለት ትዝታ ይህ ምሽት ነው። ቀኑ የሚታወሰው በመጨረሻው ውሃ በኩል ነው።

ይሁን እንጂ ያ ውሃ ማለቂያ የለውም ማለት አይደለም። ከ1870ዎቹ ጀምሮ በተፋሰሱ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ተቆፍረው ብዙዎቹ ለአሥርተ ዓመታት ያለ ክዳን ሲፈሱ ስለኖሩ የከርሰ ምድሩ ግፊት ቀንሷል፤ አንዳንድ ምንጮችም ደርቀዋል። ከ1999 ወዲህ የአውስትራሊያ መንግሥታት ጉድጓዶቹን እየከደኑና ክፍት ቦዮችን በቧንቧ እየተኩ ግፊቱን ለመመለስ መሥራታቸው የሚመሰገን ነው፤ ማዕድን ማውጫዎችና የከብት እርባታው ግን ከዚያው ተፋሰስ ዛሬም ይቀዳሉ። ዋብማ ካዳርቡ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ የሚጎበኘው ሰው ከተዘረጋለት የእንጨት መረማመጃ ባይወርድና በምንጩ ውስጥ እጁን ባያስገባ መልካም ያደርጋል።

ከካዋርድ ስፕሪንግስ ቀጥሎ ያለችው መንደር ዊልያም ክሪክ ናት። ርቀቱ 75 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመካከሉ ብስክሌተኛ ሊተማመንበት የሚችል የመጠጥ ውሃ የለም።